ሁለት ምድጃ ጭነን ወደ ደካ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጅማ

ሞተሮቹን ያስነሳነው ከተማው ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው። እኔ ከፊት፣ ሙሉጌታ ከኋላ። ሙሉጌታ አብሮ አደጌ ነው፤ የአባቱን የቤት ዕቃ ሱቅ ወርሶ እዚሁ ጅማ ይነግዳል። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ፓስታ፣ ሳርዲን፣ ሽንኩርትና ጨው ጭነናል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ምድጃ ይዘናል። ለሁለት ሰው ሁለት ምድጃ! ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጉዟችን ነው። ዝናብ ምግብ ቤት በሌለበት መንገድ ዳር ያዘንና ደረቅ ብስኩት እያኘክን አደርን። «ሁለተኛ ያለ ምድጃ ከቤት አልወጣም» ብዬ የማልኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ምድጃ መምረጥ ሥራዬ ሆነ። ከሰል አልኩና ተውኩት፤ አንዴ ዝናብ ከነካው ጭስ እንጂ እሳት አይሰጥም። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ በትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ ላይ የምትሰካ፣ መዳፍ የምታህል ምድጃ አየሁ። በጣም ታምራለች። «ቆርቆሮው ሲያልቅ የት አስሞላለሁ?» ብዬ ባለሱቁን ጠየቅሁት። «አያልቅም» አለኝ ዓይኑን ሳያሽ። ክው ብዬ ወጣሁ።

በመጨረሻ ያገኘኋት ከአገር ሲወጣ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ፈረንጅ ነው። የነሐስ ናት፤ በፓምፕ ትነፋለች፤ የምትጠጣው ቤንዚን ነው። ይታያችሁ፣ ሞተሬና ምድጃዬ ከአንድ ጋን ይጠጣሉ! ከዚህ የተሻለ ምርጫ በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። ሙሉጌታ ግን አየት አደረጋትና «ይቺ ምድጃ አይደለችም፣ ቦምብ ናት» አለ። እሱ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ በክር የሚሠራውን፣ በየግቢው የምናውቀውን የነጭ ጋዝ ቡታጋዝ አወረደ። ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን፤ አልተስማማንም። ስለዚህ ሁለቱንም ጭነናል። መንገዱ ይፍረደን ተባብለናል።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቦንጋ

ጎጀብን ከተሻገርን በኋላ አየሩ ተለወጠ። ዳገቱ ይጀምራል፣ ጫካው ይጠጋል፣ ጉም መንገዱን አቋርጦ ይሄዳል። የመንገዱ ገሚስ ተቆፍሯል። የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር ጭቃ እንቀባለን። ከቦንጋ መግቢያ ላይ የሚሌኒየሙ በዓል ጨርቅ አሁንም ተሰቅሏል፤ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት ፊደሎቹ ጠፍተዋል። ባጃጆቹ ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ የተሸከሙ ሴቶች ወደ ገበያው ይወርዳሉ፤ የቢሮ ሠራተኞች ደብተር በብብታቸው ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ።

ያረፍነው እትዬ ዘነበች ሆቴል ነው። እትዬ ዘነበች አባታቸው ድሮ ለንግድ ከሸዋ መጥተው እዚህ የቀሩ፣ ድምፃቸው ከግቢው ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። ክፍሎቹ ግቢውን ዙሪያውን ከበውታል፤ መሐል ላይ አንሶላ ተሰጥቷል። ደክሞናል፣ ሻይ አምሮናል፣ እኔ ደግሞ ምድጃዬን ለማሳየት ልቤ ቆሟል። ከሞተሬ ቤንዚን ቀዳሁ፣ ሞላሁ፣ ነፋሁ፣ ለማሞቂያ በምድጃዋ ትንሿ ኩባያ ውስጥ አፈሰስኩ፣ ክብሪት ጫርኩ።

እሳቱ ከቁመቴ በላይ ዘለለ! ፊቴን በሆነ ነገር የተመታሁ መሰለኝ፤ ኋላ ሳየው ቅንድቤ የለም። የተሰጣው አንሶላ ጫፉ ተያያዘ። ከየክፍሉ ሰው እየጮኸ ወጣ። ሙሉጌታ እርጥብ ጆንያ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ምድጃዋ ላይ ጣለባት፤ አንሶላውንም ጎትቶ ረገጠው።

«ኧረ በእመቤቴ! ቤቴን ልታቃጥል ነው የመጣኸው?» እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያራገቡ ደረሱ።

«ሻይ ላፈላ ነው እትዬ።»

«ሻይ?» ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከእሳቱ ይልቅ ይቺ ቃል ያስደነገጠቻቸው ይመስላሉ። «እኔ ቤት ተቀምጠህ የራስህን ሻይ? ምን ጎደለብህ? ደጅ የሚያልፈው ሰው ሲያይ ዘነበች እንግዳዋን ሻይ ከለከለች አይልም?»

ሳቅሁ፤ ይቅርታም ጠየቅሁ፤ አንሶላውንም ከፈልኩ። ያሉትን ግን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አወጣሁት። ምክንያቱም እንደገና አቀጣጥያት እሳቱ ከረጋ በኋላ ምድጃዋ ሰማያዊ ሆና ስታጓራ ውሃውን አንድ ሽንኩርት ተልጦ ሳያልቅ አፈላችው። እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም። «አየህ?» አልኩት ሙሉጌታን። እሱ ግን ቅንድቤን ነበር የሚያየው።

ቅዳሜ፣ ረፋድ፣ ሺሺንዳ

ከቦንጋ ስንወጣ የሻይ ማሳው ኮረብታውን ለብሶ ይታያል፤ አንድ ዓይነት አረንጓዴ፣ ተላጭቶ የተበጠረ። ቀጥሎ ደግሞ ጫካ። በጫካው ጥላ ሥር ቡናው ቀልቷል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ላይ ረዣዥም የንብ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ሰው እንዴት እዚያ ድረስ ወጥቶ እንደሚሰቅላቸው ሳስብ አንገቴ እስኪታመም ቀና ብዬ ሄድኩ።

ሺሺንዳ ገበያው ደርቷል። በርበሬ፣ ቡና፣ ማር፣ በቅሎ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ጣሪያው ላይ ዶሮ የተጫነበት አውቶቡስ። አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ሻይ አዘዝንና ከጅማ የያዝነውን ዳቦ አወጣሁ። ነከስኩት። ወዲያው ተፋሁት! አፌ ውስጥ ኩራዝ የተደፋ መሰለኝ። የሙሉጌታ ቡታጋዝ መንገዱ ሲያንገጫግጨው እያንጠባጠበ የዳቦውን ከረጢት ሁሉ አጠጥቶታል። ያ ሁሉ ዳቦ ጠፋ። ደንግጬም ተናድጄም፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስ ብሎኝም ነበር።

«መንገዱ ፈረደ» አልኩ። «እዚሁ ጣለው።»

«የሱቅ ዕቃ ነው፤ መንገድ ላይ አልጥልም» አለ ሙሉጌታ ኮስተር ብሎ። ከብዙ ንትርክ በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን፤ ቡታጋዙ ውስጥ የቀረውን ነጭ ጋዝ ለሻይ ቤቷ ባለቤት ቀዳንላትና ባዶውን ምድጃ መልሶ ጫነው። እኔ ልቤ ውስጥ አሸንፌያለሁ።

አጠገባችን የተቀመጠ ገበሬ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆየና «ወዴት ናችሁ?» አለን።

«ወደ ደካ።»

«እዚያ ዘመድ አላችሁ?»

«የለንም።»

«ታዲያ ማን ቤት ነው የምታድሩት?»

«ድንኳን አለን። ምግብም አለን።»

አሰበ፣ አሰበና ገባው። «አሃ፣ የመንገድ ቀያሾች ናችሁ! ባለፈው መጥተው ነበር። ድንኳን ይተክላሉ፣ ከቆርቆሮ ይበላሉ፣ ሰው ሲጠራቸው አይገቡም።» አይደለንም ለማለት አፌን ስከፍት አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሰውዬውም ዶሮዎቹን ይዞ ሮጠ።

ቅዳሜ፣ ወደ ማታው ገደማ፣ ከደካ ወዲህ

ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ደካ በሚወስደው ገባን። መንገድ ያልኩት በደግነት ነው። ዝናብ ጣለ። ሙሉጌታ ወደቀ፤ እኔ ስስቅ ወደቅሁ። ደካ ሳንደርስ ኃይላችን አለቀ። ዝናቡ ሲያባራ ከመንገዱ ዳር ለጥ ያለ ሣር አገኘን። ሣሩ የአንድ ትልቅ ግቢ ፊት ለፊት ነው፤ ዙሪያውን እንሰት የቆመበት፣ የሣር ክዳኑ አዲስ የሆነ ቤት በአጥሩ ውስጥ ይታያል።

«ገብተን እናስፈቅድ?» አለ ሙሉጌታ።

«ሰው ለምን እናስቸግራለን? የራሳችንን ይዘናል» አልኩ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

አንዲት ወጣት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከበሩ ብቅ አለች። እጃችንን አንሥተን ሰላም አልን። እሷም ሰላም ብላን፣ ድንኳኑን አየችና ተመልሳ ገባች። እኛም ተከልን። ምድጃዬን አቀጣጠልኩ፤ ከቦንጋ ወዲህ ቤንዚኑን መጥኜ ማፍሰስ ተምሬያለሁ፣ ያም ሆኖ እሳቱ እስከ ደረቴ ዘለለ። ከዚያ ማጓራቱን ጀመረች። ድስት ጣድን። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ያልፋሉ፤ እኛን ያያሉ፣ ቤቱን ያያሉ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ምድጃዋ አስገርማቸው ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ያን ጊዜ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ነጭ ጋቢ ደርበዋል፣ በትር ይዘዋል፣ ጫማቸውን ከጭቃው ጠርገዋል። አጥሩ በር አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። በኋላ ስማቸው አቶ ገብሬ መሆኑን ያወቅሁት፣ መሐል ያሉት ረጅሙ ሰው ወደ ድስቱ ዝቅ ብለው አዩ።

«እንደምን ዋላችሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፤ እንደምን ዋሉ!»

«የዚህ ቤት እንግዶች ናችሁ?»

«አይደለንም አባባ። እኛ የራሳችንን ይዘን ነው የምንዞረው።»

«ቤቱ ሰው የለም?»

«አለ እንጂ! አሁን ልጅቷ አይታን ገባች።»

«አይታችሁ ገባች?»

«አዎ። ምንም አላሉንም፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው በካፍኛ ጥቂት ተነጋገሩ። አቶ ገብሬ በትራቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። እኔ ሞኙ «በሰላም ይግቡ!» ብዬ እጄን አወዛወዝኩላቸው።

ከግቢው ውስጥ ጩኸት ተሰማ። የሰው ለቅሶ መስሎኝ ተነሣሁ። አንዲት እናት ራሳቸውን ይዘው ወጡ፤ ከኋላቸው ያቺ ወጣት፣ ከኋላዋ ደግሞ አዲስ ኮት የለበሱ አባወራ። እናትየው መንገዱን አዩ፤ ሦስቱ ጋቢዎች ታጥፈው ሲሰወሩ አዩ፤ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ተመለሱ! ከደጄ ተመለሱ! ምን አላችኋቸው?»

ነገሩን የነገረችን ልጅቷ ናት። ስሟ አስቴር ነው፤ አስተማሪ ናት። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል። ሽማግሌዎቹ የመጡት እሷን ለአንድ ልጅ በትዳር ለመጠየቅ ነው። ልጁን ትወደዋለች። ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ ለዚህ ሰዓት ሲሰናዳ ነው የከረመው፤ እኛ ስንመጣ ሁሉም ጓሮ ነበሩ። «እኔ ደግሞ የመንገድ ቀያሾች መሰላችሁኝ» አለች። «ባለፈው ስንጠራቸው እንቢ ብለውን ነበር። ያ የሚጮኸውም መለኪያ ነው ብዬ ነው።»

ያ የሚጮኸው! ዞር ብዬ ሳያት ምድጃዬ ምንም እንዳልተፈጠረ ታጓራለች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ። ዝናብ የመታቸው ሁለት እንግዶች ደጃቸው ላይ ራሳቸው ሲያበስሉ የሚያይ ቤት! ሽማግሌዎቹ ያዩት ይህን ነው። እኔ ደግሞ በገዛ አፌ መሰከርኩላቸው። በዕድሜዬ እንዲያ ደንግጬ አላውቅም፤ የሰው ትዳር በአንድ ድስት ፓስታ ሲበተን ማን አይቷል?

ሙሉጌታ ምድጃዋን እንዲያጠፋ ነግሬው ሞተሬን አስነሥቼ ተከተልኳቸው። የደረስኩባቸው አንድ ወንዝ ላይ ከተጋደመ ግንድ ዘንድ ነው። ወርጄ ጎንበስ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀያሾቹን፣ ጓሮውን፣ የእኔን ኩራት።

አቶ ገብሬ አዳመጡኝ። «እኛ ልጅ ልንጠይቅ ነበር የመጣን» አሉ በቀስታ። «ዝናብ የመታው ሰው አይቶ የሚገባ ቤት ልጅ ብናመጣ፣ ነገ እኛ ስናረጅ ማን በር ይከፍትልናል?»

«አባባ፣ አልከለከሉንም። እኛ ነን ያልጠየቅነው።»

«ለምን?»

«ምድጃ አለንና።»

«ምድጃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አለ?»

«አለ። እኔ ነኝ።»

በበትራቸው ወደ መጣሁበት አመለከቱ። «ሰው የሌለበት አገር የምትመጡ መስሏችሁ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። በመጨረሻ አቶ ገብሬ «ይህንን የልጅቷ አባት ፊት ቆመህ ትናገራለህ» አሉና ወደ ኋላ ተመለሱ። ሞተሬን እየገፋሁ ከኋላቸው ሄድኩ፤ አስነሥቼ ልቅደማቸው ብዬ አላሰብኩም።

አለቀ፣ ተረፍን ብዬ ነበር። አባትየው፣ ጋሽ ወልዴ፣ በሩ መሐል ቆመዋል። አልተንቀሳቀሱም። እኔ የምለውን ሁሉ አልኩ፤ ሙሉጌታም ጨመረበት። ጋሽ ወልዴ እስክንጨርስ ጠበቁና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ደጄ ላይ ቆማችሁ፣ እኔን ሳትጠይቁ መንገደኛ ጠይቃችሁ ፈረዳችሁብኝ። ወልዴ እንግዳ ይከለክላል አላችሁ። እኔም ልጄን ለእንዲህ ያለ ቤት አልሰጥም።»

ሁለተኛ ክው አልን። የእኛን ጥፋት ልናነሣ መጥተን የባሰ ጥፋት አስነሣን። ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ጠቆረ። እናትየው፣ እትዬ አየለች፣ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አስቴር ከእናቷ ጎን ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እነሱም አልዋሹም፣ አንተም አልከለከልክም።»

ጋሽ ወልዴ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ በትራቸውን ወደ ድስታችን ቀሰሩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፓስታ» አልኩ።

«በስሏል?»

«ገና ነው።»

«እንግዳዬ የሚያበስለው ቤቴ ውስጥ ነው። ምድጃችሁን አንሡና አስገቡ፤ እዚያ ይብሰል። እነዚህም ሰዎች ገብተው ከእሱ ይቅመሱ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደከለከለ ይናገሩ።»

የሁሉም ፊት ፈካ። እኔ ግን ፈራሁ። ቤቱን አየሁት። ክዳኑ ሣር፣ ማገሩ ደረቅ እንጨት፣ ወለሉ ላይ ለእንግዳ የተጎዘጎዘ ለምለም ቄጤማ። የእትዬ ዘነበች አንሶላ ዓይኔ ላይ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቤት አትገባም» አልኩ።

ያልኩት ምን ተብሎ እንደተሰማ የገባኝ የአቶ ገብሬን ፊት ሳይ ነው። እንግዳው ግባ ተብሎም እንቢ አለ! «ማለቴ፣ ምድጃዋ፣ ቤንዚን ናት፣ እሳቷ ይዘላል፣ ሣሩ...» እየተንተባተብኩ የጠፋ ቅንድቤን በጣቴ አሳየሁ።

ያን ጊዜ ሙሉጌታ ከሞተሩ ላይ ያን የረከሰ፣ የሸተተ፣ ዳቦዬን ያበላሸ ቡታጋዝ ፈታ። «ይህኛው ይገባል» አለ። «ግን ባዶ ነው፤ ነጭ ጋዝ የለንም።»

አስቴር ነገሩ ሳያልቅ ሮጣ ገባች። የቤቱን ፋኖስ አውርዳ ተመለሰች። ክዳኑን ፈታች፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ነጭ ጋዝ በሙሉ፣ አንድ ጠብታ ሳታፈስ፣ የሙሉጌታ ምድጃ ውስጥ ገለበጠች። 

ስለዚህ ገባን። ፋኖሱ ባዶ ስለሆነ ብርሃኑ ከቤቱ የእንጨት እሳትና ከዚያ ቢጫ የክር ነበልባል ብቻ ነው። ድስቱን ጣድነው። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ ጋሽ ወልዴ በሌላው፣ መሐላቸው የጅማው ቡታጋዝ። እንዴት ያለ ቀርፋፋ ምድጃ ነው! የእኔዋ ብትሆን ሰው አፉን ሳይከፍት ታፈላ ነበር። ይህኛው ግን አይፈላም፣ አይፈላም። ስድስት ሰው ድስት ላይ አፍጥጦ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። አንደኛው ሽማግሌ ስለ ዝናቡ ጣል አደረገ። ጋሽ ወልዴ ሳያስቡት መለሱ። ዝናቡ ወደ ቡናው ወሰዳቸው፣ ቡናው ወደ ማሩ፣ ማሩ ዘንድሮ ቀፎውን ወደለቀቀው ንብ። ቋንቋው መሐል ላይ ወደ ካፍኛ ተለወጠና እኔ ቀረሁ። ከጨዋታቸው ውስጥ ግን የአንድ ልጅ ስም ሲመላለስ ሰማሁ፤ ስሙ በተነሣ ቁጥር አስቴር ጓዳው ውስጥ ዕቃ ታንኳኳለች።

ፓስታው በመጨረሻ ሲወጣ አንድ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሳርዲኑን ደፋሁበት። አቶ ገብሬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እንደምንም ዋጡ።

«ጋዝ ጋዝ ይላል» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ። እትዬ አየለች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጋሽ ወልዴም ጎረሱ፣ ሽማግሌዎቹም ሁሉም ቀመሱ፤ ማንም አልተወም። ሳህኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው የቤቱ ማዕድ የቀረበው፤ ቆጮው፣ ጎመኑ፣ ሥጋው፣ ማሩ። እኔና ሙሉጌታን ብሉ፣ ኧረ ብሉ እያሉ አጣደፉን። እንግዳ እንዳልተከለከለ በእኛ ሆድ ማስመስከር የፈለጉ ይመስለኛል፤ እኛም በደንብ መሰከርን።

ከተበላ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ። የመጡበትን በወጉ ተናገሩ። ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። «ከዘመድ ልመካከር» አሉ። ሙሉጌታ በክርኑ ጎሸመኝ። «አልሰጥም» ያለ አፍ «ልመካከር» ብሏል።

እሑድ፣ ጠዋት፣ ደካ

ስንነሣ ድንኳናችን እዚያው ሣሩ ላይ ባዶውን አድሯል፤ ጋሽ ወልዴ ቤት ነው የተኛነው። እትዬ አየለች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ማር አሸከሙን። ጋሽ ወልዴ የነሐሷን ምድጃ አገላብጠው አዩ፤ ፓምፗን ነካ ነካ አደረጉ።

«ቆንጆ ዕቃ ናት» አሉ። «ግን ቤት ካልገባች ምን ታደርግልሃለች?»

ደካ የደረስነው ፀሐይ ሳትከርር ነው። ትንሽ ከተማ ናት፤ የወረዳው ቢሮዎች፣ ጥቂት ሱቆች፣ ከጉም የሚወጣ አንድ ዋና መንገድ። ሻይ ጠጣን፤ ሻዩን ያፈላልን ባለሻይ ቤቱ ነው። ምድጃ ከሻንጣ ያወጣ የለም። ሙሉጌታ ቀኑን ሙሉ አላሾፈብኝም፤ ይህ ከማሾፉ የባሰ ነበር። ከአንድ ሱቅ ነጭ ጋዝ ገዛንና ስንመለስ ጋሽ ወልዴ ቤት ጎራ ብለን የአስቴርን ፋኖስ ሞላን።

ጅማ፣ ከተመለስን በኋላ

የትኛውን ምድጃ ልግዛ ለምትሉኝ አንባቢዎች እንግዲህ መልሴ ይኸው። ሰው ለማይኖርበት በረሃ የምትሄዱ ከሆነ የእኔን ዓይነት ግዙ፤ ፈጣን ናት፣ ቅንድብ ግን አትወድም። ሰው ወዳለበት ከሆነ ግን የምትገቡበት ቤት ያለውን ጋዝ የሚጠጣ፣ ጣሪያ የማይፈራ፣ ቀርፋፋ ምድጃ ምረጡ። ከማቀጣጠላችሁ በፊት ደግሞ በሩን አንኳኩ። እኔ አሁንም ሌሊት ብድግ ብዬ ሽማግሌዎቹን ባልመልሳቸው ኖሮስ እላለሁ፤ ያ አመድ የመሰለ የልጅቷ ፊት ይመጣብኛል።

ጥር ሊገባ ሲል ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥተው ነው፣ ነፋሱ ይሰማል። ሠርጉ ተቆርጧል።

«ድንኳን እንዳትይዙ» አሉ እየጮኹ። «ያቺን የምታጓራዋንም ተዋት። የጓደኛህን ምድጃ ግን ይዛችሁ ኑ። ገብሬ ያን ጋዝ ጋዝ የሚለውን ካልቀመስኩ ሠርግ አልበላም ብሏል።»

ለሙሉጌታ ነገርኩት። ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ቡታጋዙን ከመደርደሪያው አወረደና በጨርቅ ወለወለው። እኔ የነጭ ጋዙን ጀሪካን ሳነሣ እጄን ያዘኝ።

«ባዶውን ነው የምንወስደው» አለ። «ጋዙ እዚያ ቤት አለ።»